ወንድምና እህት አይከፋፈሉም

የአርባው ተዝካር ወጥቶ ዘመድ ወደየቤቱ ከመበተኑ በፊት አንድ ምክር ይቀራል። ሽማግሌዎች ጥግ ይዘው ስለቀሩት ልጆች ይነጋገራሉ። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው እንበል። ባሕር ዳር ያለችው አክስት «እኔ ጋ ትሁን፤ ትማራለች፣ በዚያውም ቤት ታግዘኛለች» ትላለች። መካከለኛው ወንድ ልጅ አጎቱ ዘንድ ከብት ይጠብቃል። ትንሹ፣ ራሷ ጧሪ ከምትሻ አያቱ ጋር ይቀራል። በዚያ ምክር ላይ ክፉ ቃል የተናገረ የለም፤ እያንዳንዱ ዘመድ የቻለውን ያህል ተሸክሟል። ሆኖም እናት አባታቸውን የቀበሩት ልጆች በዚያች ሰዓት እርስ በርሳቸውም ተጣጡ። ትንሹ ማታ ማታ እህቱን እየጠራ ሲያለቅስ የሚሰማው አያቱ ብቻ ናት።

የእንፍራንዝ ሰዎች፣ የጣና ዳር ሰዎች፣ ባገር ቤትም በስደትም ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህ ጥሪ ስለዚያች ሰዓት ነው። መለወጧም በእጃችን ነው።

እንዴት እንደምትለወጥ ለማየት ልጆቻችንን ወስደው ያሳደጉ ባዕዳን ያደርጉት የነበረውን እናስታውስ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ አሜሪካ ገብተዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ የገቡት ከ2,500 ይበልጣሉ። ወንድምና እህት ሆነው አብረው የሄዱም ነበሩ። ለኤጀንሲው፣ ለሰነዱ፣ ለአውሮፕላኑ እየተባለ ይጠየቅ የነበረው ወጪ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ የሚጠብቅ ቤተሰብ እዚያም ቢሆን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐሳባቸውን ለጎረቤትና ለቤተ ክርስቲያናቸው ይናገሩ ነበር። ያገለገለ ዕቃቸውን ግቢ አውጥተው ይሸጣሉ፤ ወዳጆቻቸው ኬክ ጋግረው፣ ካናቴራ አሳትመው ይሸጡላቸዋል። ተገጣጣሚ ሥዕል ገዝተው እያንዳንዷን ቁራጭ በጥቂት ዶላር እየሸጡ፣ ከቁራጯ ጀርባ የሰጪውን ስም የሚጽፉም ነበሩ፤ ሥዕሉ ሲሞላ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ይሰቀላል። መንግሥታቸውም በበኩሉ በ2011 እ.ኤ.አ. ለአንድ ልጅ እስከ 13,360 ዶላር የሚደርስ የግብር ድጋፍ ይሰጥ ነበር። ልጆቹ ገና አዲስ አበባ ሳሉ፣ አይቷቸው የማያውቅ መንደር ስማቸውን እየጠራ ያዋጣላቸው ነበር። አሳዳጊው አንድ ቤተሰብ ቢሆንም ከኋላው የቆመው ብዙ ሰው ነው።

በዚያው መንገድ የደረሰው ጥፋትም ትልቅ ነው። እናታቸው በሕይወት እያለች «ወላጅ የላቸውም» ተብለው የተላኩ ልጆች ነበሩ። ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል ብላ የፈረመች እናት ነበረች፤ የፈረመችው ግን ለዘለዓለም እንደሆነ የነገራት አልነበረም። በ2014 እ.ኤ.አ. የአንድ አሜሪካዊ ኤጀንሲ ሰዎች ከኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ጋር በተያያዘ ማጭበርበር እዚያው አሜሪካ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰዋል። ሐና የተባለችው ኢትዮጵያዊት ታዳጊ ደግሞ በግንቦት 2003 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በአሳዳጊዎቿ ግቢ፣ በረኃብ ተጎሳቁላ በብርድ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም ተፈርዶባቸው ረጅም እስር ተቀጡ። በፍቅር ያደጉትን ብዙዎች አልረሳሁም። ነገር ግን ልጅ ከወንዙ፣ ከቋንቋውና ከዘመዱ ተነቅሎ ሲሄድ በደል ቢደርስበት ጩኸቱን የሚሰማለት ወገን በአጠገቡ የለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በመጋቢት 2003 በቀን የሚታየውን የጉዲፈቻ መዝገብ ወደ አምስት አወረደ፤ በሚያዝያ 2009 ሥራውን አገደ። ጥር 1 ቀን 2010 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ።

ትክክል ነበር። እኔ በዚህ አልጠራጠርም። ሆኖም ያን በር ዘግተን ስናበቃ እኛ ምን ከፈትን? ያኔ ዩኒሴፍን በመጥቀስ ይነገር የነበረው ግምት በአገሪቱ አንድ ወይም ሁለት ወላጃቸውን ያጡ ልጆችን 4.5 ሚሊዮን ገደማ ያደርሳቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ክልላችን ራሱ ግጭት ውስጥ ነው። በዚህ በእኛ ዳርቻ ቀድሞም ቢሆን ሞት ባዕድ አልነበረም። ወባው ሐይቁን ተከትሎ ይነሳል። በ1997 ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ የተገኘው የካላዛር ወረርሽኝ ምን ያህል ቤት እንዳጎደለ ያየ ያውቃል። ኤድስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባልን ከወሰደ በኋላ ሚስትን ያስከትል ነበርና፣ ልጆች በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ማቅ ይለብሱ ነበር።

አያቶቻችን ለዚህ መልስ ነበራቸው። ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ባዕድ ልጅ እያጠቡ «የጡት ልጄ» ይሉ ነበር፤ ያ ልጅ ከሆዳቸው ከወጣው ጋር ይቆጠራል። መስጊድ የሚሄዱት ወገኖቻችንም የቲምን ማቀፍ ትልቅ ምንዳ እንዳለው ከልጅነታቸው ይማራሉ። ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። ክልላችን በ1995 በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ልጁ እንደተወለደ ልጅ ይቆጠራል፤ ከወላጅ ዘመዶቹ ጋር ያለው ዝምድናም አይቆረጥም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2002 ባጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ፣ የሚቀራረቡ ወንድምና እህት ለደኅንነታቸው የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በስተቀር እንዳይለያዩ ይላል። ባሕር ዳር ያለው የኤስ.ኦ.ኤስ. የልጆች መንደርም የሚሠራበት እምነት ይኸው ነው፤ እህትና ወንድም በአንድ ቤት፣ በአንድ እናት ሥር ያድጋሉ። ነገር ግን አንድ መንደር የጣና ዳርን ልጅ ሁሉ አይችልም። መቻልም የለበትም፤ የልጅ ቦታ ቤተሰብ ነው። ሮማንያ ውስጥ ቡካሬስት ላይ ተመራማሪዎች ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ በሕፃናት ማሳደጊያ የነበሩ 136 ልጆችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የገቡት፣ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ በአእምሮም በስሜትም በማሳደጊያው ከቀሩት በልጠው ተገኙ።

እንግዲህ ባህሉ አለን፤ ሕጉም አለን። የጎደለው የቱ ነው?

አራት ልጅ ያላትን እናት ጠይቋት። የሟች ጎረቤቷን ልጆች ትወዳቸዋለች፤ ከልጆቿ ጋር አፈር ፈጭተው ያደጉ ናቸው። «አንዱን ልውሰድ» ትላለች፤ አንዱን ብቻ። ሦስት ተጨማሪ አፍ፣ ሦስት ዩኒፎርም፣ ሦስት ደብተር፣ አንዱ ሲታመም የሚሮጥበት የመድኃኒት ገንዘብ እያሰበች ነው። እውነቷን ነው። ስስትም ጭካኔም የለባትም። ሦስቱን እንድትወስድ የሚያደርጋት ስብከት ወይም ወቀሳ አይደለም፤ ሒሳቡን ብቻዋን እንዳታሰላ ማድረግ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል የኖረው ለዚህ ነው።

ሸክሙን ብቻቸውን ያነሱም ነበሩ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄዱ። ረኃብ ነበር፤ ከሞተች እናቷ አጠገብ የነበረች ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፍለው፣ ያችን ሕፃንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተሰብ ተቆጣ፤ ምረጪ ተባሉ። ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው ልጆቹን መረጡ። በሰኔ 2013 ሲያርፉ አገር ሁሉ እናቴ ብሎ አለቀሰላቸው። እኔም አለቀስሁ። ግን ይህን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጎናቸው ጥቂት ጎረቤት ቢቆም ኖሮ ትዳር ማፍረስ ባላስፈለጋቸው ነበር። ልጅ ለማሳደግ ጀግና መሆን የግድ መሆን የለበትም። ሁለተኛ አበበች እስክትወለድ አንጠብቅ፤ ተራ ሰው ሦስት ልጅ መውሰድ የሚችልበትን አገር እንሥራ።

ከዕድራችን እንጀምር። ዕድር ለሟች የማያደርገው የለም። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ከለቅሶ ቤት አይርቅም። ከአራተኛው ቀን በኋላ ግን ደንቡ ዝም ይላል። ኤድስ በበረታበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ደንባቸውን አሻሽለው የሟች አባላትን ልጆች የደገፉ ዕድሮች ነበሩ፤ እኛስ ማን ከለከለን? አንድ ዕድር 150 አባል ቢኖረውና እያንዳንዱ በወር 40 ብር ቢጨምር በወር 6,000 ብር ነው፤ በዓመት 72,000። ሦስት እህትና ወንድሞችን ላስጠጋ ቤት ይህ ገንዘብ እህልና ደብተር ይሆናል። ብር ያጠረው በጥር አዝመራው ሲገባ አንድ ጣሳ ሽምብራ፣ አንድ ቁና ጤፍ ያምጣ። የልብስ ሰፊው ድርሻ ዩኒፎርም መስፋት ነው፤ የመምህሩ ድርሻ ማታ ማስጠናት። ለዓባይ ግድብ ቦንድ ስንገዛ፣ በ8100 መልእክት ስንልክ፣ ትንሽ የሚባል መዋጮ እንደሌለ ያየን ሕዝብ ነን።

በስደት ያላችሁ፣ የዋሽንግተን፣ የአትላንታ፣ የቴል አቪቭና የሪያድ ልጆቻችን፣ እጃችሁ ሁልጊዜ የተዘረጋ ነው። ለሕክምና፣ ለሬሳ ማስመለሻ፣ ለተፈናቃይ በአንድ ሌሊት ስንት እንደምትሰበስቡ አይተናል። አሁን የምንለምናችሁ ሌላ ዓይነት ልግስና ነው፤ ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ። ሃያ ሰው በወር 15 ዶላር ቢያዋጣ 300 ዶላር ነው። በአንድ ሌሊት የተሰበሰበ ትልቅ ገንዘብ በዓመቱ ያልቃል፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን እስኪያድግ አሥራ አራት ዓመት ይቀረዋል። ቃል የምትገቡት ለትንሹ ልጅ ዕድሜ ልክ ይሁን። አንዳችሁ ሥራ ብታጡ ሌላው የሚተካበት ስምምነት አስቀድማችሁ ጻፉ።

ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። የመጀመሪያው፣ የልጆቹን ፊት አትሽጡ። የሚያለቅስ ሕፃን ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቅቆ «ሼር አድርጉ» ማለት ብር ያመጣል፤ አውቃለሁ። ያ ልጅ ግን ነገ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ትዳር ይጠይቃል፤ ያ ምስልም በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። መዋጮውን ዕድሩ ያውቀዋል፣ ቤተሰቡ ያውቀዋል፤ ይበቃል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። «ላሳድግ» ተብላ ተወስዳ ሳህን አጣቢ ሆና የቀረች ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤት ያያል፤ «የዘመድ ነገር» ብሎ ያልፋል። በገንዘባችን እንዲህ ያለ ነገር ከሆነ እኛ ነን ያደረግነው። ስለዚህ ነገሩ በቃል አይቅር። አሳዳጊው በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ በሚይዘው ጽሕፈት ቤት በኩል አልፎ ፍርድ ቤት ይቅረብ፤ ልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ይኑራቸው። ወላጆቻቸው የተዉት መሬትና ቤት በስማቸው ይጠበቅ፤ ለአሳዳጊው ማማለያ አይሁን። ገንዘቡ ሦስት ሰው በሚፈርምበት ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከሦስቱ አንዷ እናት ትሁን። በየሦስት ወሩ ሁለት ሰው ልጆቹን ሄዶ ይጠይቅ፤ ቡና ጠጥቶ የሚመለስ ሳይሆን ደብተራቸውን ገልጦ የሚያይ፣ ትልቋን ለብቻዋ «እንዴት ነሽ ልጄ?» ብሎ መልሷን የሚጠብቅ። የልጆቹ ዘመዶችም አይገፉ፤ አያታቸው በየሰንበቱ ትምጣ፣ አጎታቸው በበዓል ይውሰዳቸው።

ካህናት አባቶቻችን፣ ሼኮቻችን፣ ሰው የሚሰማው እናንተን ነው። በለቅሶ ቤት ቆማችሁ ስታጽናኑ «ልጆቹ አብረው ይሁኑ» የሚለውን ቃል ጨምሩበት። አርባው ሲወጣ የሚካሄደው ምክር ላይ የዕድሩ ሰው አስቀድሞ ይገኝ፤ ዘመድ «አንዱን እኔ፣ አንዱን አንተ» ማለት ሳይጀምር «ሦስቱንም የሚወስድ ካለ ከኋላው እኛ አለን» ይበል። ይህን ማለት የሚችለው ግን ልጆቹን ለማስጠጋትና ከኋላ ለመቆም የፈቀዱ ሰዎች ዝርዝር በእጁ ካለ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ሞት ከመምጣቱ በፊት መጻፍ አለበት።

ስለዚህ በዚህ ወር የዕድር ስብሰባ ላይ መዋጮው ተቆጥሮ ሰው ከመነሳቱ በፊት ጸሐፊው መዝገቡን ወደ አዲስ ገጽ ይግለጥ። በግራ በኩል ልጆችን ከነወንድምና እህታቸው ለማስጠጋት ፈቃደኛ የሆኑ አባወራዎችና እማወራዎች ይመዝገቡ፤ በቀኝ በኩል ከኋላቸው የሚቆሙት፣ በየወሩ ከሚሰጡት ጋር። ጥሩምባ ነፊውም ይጻፍ፤ ገንዘብ ያዡም። የመጀመሪያው ፊርማ ግን የዕድሩ ዳኛ ይሁን።