«ሥራዋ ሸክላ ሠሪ» ብሎ ማስመዝገብ አያሳፍርም



እንደሚታወቀው ማኅበራችን ዘንድሮ የአባላቱን መዝገብ እንደ አዲስ እየጻፈ ይገኛል። ከቤት ቤት ስንዞር አንድ ነገር አስተውለናል። አንዳንድ ወጣቶች «የወላጅ ሥራ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ይቆሙና «ነጋዴ በሉት» ይላሉ። እናትየዋ ግን እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ ጓሮ ቁጭ ብላለች። እሷም ሰምታ ዝም ትላለች። ይህችን ጽሑፍ እንድናወጣ ያስገደደን ያ ዝምታ ነው።

ልጆቹን አንወቅስም። ልጅ አፍሮ አይወለድም። «ቡዳ»፣ «ጠይብ»፣ «ቁጢት በጣሽ» የሚባለውን በኳስ ሜዳ፣ በቧንቧ ተራ፣ አንዳንዴም በእድር ድንኳን ከኛው ከትልልቆቹ አፍ ሰምቶ ነው። ዘንድሮ እንኳ ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ «የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት» ተብሎ የቀረ ጋብቻ አለ። ልጅቷ እስካሁን ከሰው አትቀላቀልም። ታዲያ ምን አጠፋች?

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እኮ! የንቀቱም ምንጭ የተሰወረ አይደለም። ድሮ በብዙ የሀገራችን ክፍል ባለሙያው ርስት አልነበረውም። መሬት ስለሌለው በእጁ ሥራ አደረ፤ በእጁ ሥራ ስላደረ ተናቀ፤ ስለተናቀም ባለርስቱ አይጋባውም። ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ተረት ለዚህ መሸፈኛ ነው።

ሥራውንም እስቲ እንየው። አፈሩ ተቆፍሮ ይመጣል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። ምጣዱ በእጅ ይሠራል፣ በድንጋይ ይለሰልሳል። በደንብ ሳይደርቅ እሳት ካገኘው ይሰነጠቃል፤ የስንት ቀን ድካም ገል ሆኖ ይቀራል። ይህን ሁሉ በዳሰሳ የሚያውቅ እጅ ነው የምናፍርበት? ተሳዳቢውም ቤቱ ገብቶ የሚበላው በዚያው ምጣድ የተጋገረውን ነው። (የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ የሚለውም ቢሆን ሸክላውን ማን ሠራለት?) በዓል ሲደርስ ደግሞ ነጠላችንን አጣፍተን «ባህላችን» እንላለን፤ ለሸማኔው ግን ልጃችንን አንድርም። ትዝብት ነው።

ልጆቻችን፣ የእናታችሁን ሥራ ውረሱ አንላችሁም። ሐኪምም ሁኑ፣ ሾፌርም ሁኑ። ነገር ግን ጓደኛ ቤት እንዳይመጣ፣ እናት ትምህርት ቤት ድረስ እንዳትመጣ፣ በመንገድ ምጣድ ተሸክማ ስትገናኙ እንዳትጠራችሁ እየተጠነቀቁ መኖር በጣም ያደክማል። እንደኛ ያለ የለም ብላችሁም አታስቡ። እዚሁ አዲስ አበባ ቀጨኔ በሸክላ፣ ሽሮ ሜዳ በሽመና የታወቁ ናቸው። እዚያ ያደገውም «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ኖሯል። እናታችሁ የማኅበሩ አባል ናት፣ መዋጮዋን ትከፍላለች፣ ሐዘን ሲሆን ቀድማ ትደርሳለች። እናንተም ከሠፈሩ ልጆች አታንሱም፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

ስለሆነም በስብሰባም ሆነ በድንኳን ሰውን በሙያው የሚሳደብ ቢኖር ነገሩ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። መዝገቡ ገና አልተዘጋም። የወላጁን ሥራ ሌላ አስጽፎ ማስተካከል የሚፈልግ እሑድ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ይምጣ። ለምን ተብሎ አይጠየቅም።