ከፀዳ እስከ ሊማሊሞ፦ እናትም የምታርፍበት ጉዞ

በፀዳ፣ በአዘዞና በጎንደር የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ሽርሽር ሲባል ቶሎ የሚታያቸው የባሕር ዳር ሆቴልና የሚያስወጣው ገንዘብ ነው። ስለዚህም ሐሳቡ ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ልጆቹ አድገው ከቤት ይወጣሉ። የውጭ አገር ሰው ባሕር አቋርጦ የሚመጣበት የሰሜን ተራራ መዳረሻ ደባርቅ ግን ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ የሊማሊሞ ቁልቁለትም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ወደ ጉዞው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ማስገንዘብ ይገባናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ በመንገደኞችም ላይ ጉዳት ደርሷል። ልጅ ይዛ የምትወጣ እናት የዚያን ሳምንት ሁኔታ ከመናኸሪያና ከሹፌሮች ሳትጠይቅ መነሣት የለባትም። የሚያጠራጥር ከሆነ የተጠራቀመው ገንዘብ ይቀመጥ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

የሊማሊሞ መንገድ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን ጎንደርን ከአሥመራ ለማገናኘት የተሠራ ነው። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የነበረው የጠላት ጦር እጁን ሲሰጥ፣ በገደሉ ወገብ ላይ በድንጋይ ካብ ተደግፎ የሚጠማዘዘው መንገድ ለእኛ ቀረ። ለጦር መኪና የተቀደደው ይህ መንገድ ከጊዜ በኋላ እህል የጫነውን ካሚዮንና ለቅሶ የሚደርሰውን መንገደኛ ሁሉ ሲያመላልስ ኖሯል።

የዘወትሩ አውቶቡስ ለእይታ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ሦስት አራት ጎረቤታሞች ትንሽ ዕቁብ ጥለው አንድ ሚኒባስ ቢከራዩ ይሻላል። ከሹፌሩ ጋር ሲዋዋሉ የነዳጁ፣ የእርሱ መኝታና ምግብ ከዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑ፣ ደስ ባላችሁ ቦታም እንደሚቆም አስቀድሞ ይነገር። ጎንደርን እንዳለፉ ወለቃ ላይ የሸክላ ሥራ ታያላችሁ፤ ከዚያ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ታድራላችሁ። ብርዱ የዋዛ አይደለምና ጋቢ አይረሳ።

በማግስቱ ጧት ቁልቁል ሲወረድ ልጆች በመጽሐፍ የተማሩትን ደጋና ቆላ በገላቸው ያውቁታል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ይለዋወጣል፤ ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ደግሞ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሹራቡ ይወልቃል፤ ዛፉም አፈሩም ይለወጣል። በገደሉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ቢታዩ መኪናው ይቁም። ጥምዝምዙ ልጆችን ስለሚያጥወለውል ቁርሳቸው ቀለል ያለ ይሁን፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠው አሻግረው ይመልከቱ። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ ከመምሸቱ በፊት ወደ ደባርቅ መመለስ ይበጃል፤ ማደር ግድ ከሆነ ያለ አጎበር አይታደር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በአብዛኛው ቤት የሽርሽር ዋዜማ እናት ስትጋግርና ስትጠብስ ታድራለች። በመንገድ ልጅ ታቅፋ፣ ድስቱን በእግሮቿ መካከል አጥብቃ ትጓዛለች። ሲደርሱም የምታቀርበውና ዕቃ የምታጥበው እርሷ ናት። አባት ከሹፌሩ ጎን ሆኖ አገር ያያል። ይህ ወጥ ቤትን ከነጓዙ ማዛወር እንጂ ዕረፍት ሊባል አይችልም። በዚህ ዓይነት ከሆነ ቤቷ ብትቀር ይሻላት ነበር።

ስንቁ የማይበላሽ ደረቅ ነገር ይሁን፦ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ የተቆላ ገብስና ሽንብራ። ይህን ባልም ልጆችም ከሳምንት በፊት ጀምረው ሊያግዙ ይችላሉ፤ ገብስ ለመልቀምና ዳቦ ቆሎ ለመቆራረጥ የተለየ ሙያ አያሻም። ትኩስ ምግብ ሲያሰኝ ደባርቅ ምግብ ቤት ገብቶ ሽሮ ማዘዝ ነው። ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ በጀሪካን ይያዝ፤ ጀሪካኑንም አባት ይሸከም። ሊማሊሞን ሲወርዱ ሕፃኑን እርሱ ይታቀፍ፤ በገደሉ በኩል ያለው የመስኮት ወንበር ለእናት ይተው። ሽቅብ ሲመለሱ ደግሞ እንደ ፈቀደች ትተኛ።