መግለጫው ከክርክሩ በኋላ መጣ፦ ለስዊድን ቴሌቪዥን ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የኤስቪቲ የምርጫ ክርክር አዘጋጆች፣

ምርጫ በመጣ ቁጥር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2018 ያስተላለፋችሁት የፓርቲ መሪዎች ክርክር ያንገበግበኛል። ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። የስዊድን ዴሞክራቶች መሪ ጂሚ ኦኬሶን ስደተኞች ሥራ የሚያጡት ስዊድናውያን ስላልሆኑ ነው፣ ለአገሩ አይሆኑም አሉ። የሴንተር ፓርቲዋ አኒ ሎፍ በቁጣ መለሱላቸው። ጣቢያችሁ ንግግሩ ጅምላ ፍረጃ ነው፣ አንቀበለውም ያለው ግን ክርክሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሰውየውን አለማገዳችሁ ደግ ነው፤ ይህን አልክድም። የቤልጂየሙ ጣቢያ አርቲቢኤፍ ለቀኝ አክራሪዎች የቀጥታ ስርጭት አይሰጥም፤ እናንተም እንዲያ አድርጉ አልልም። በዚያ ምርጫ ከሚሊዮን በላይ ሰው ድምፁን የሰጠው ፓርቲ መሰማት አለበት።

እኔን የሚቆጨኝ ጥያቄው አለመነሳቱ ነው። በኋላ በመግለጫ ያላችሁትን እዚያው፣ ፊት ለፊት፣ በጥያቄ ማለት ነበረባችሁ። «ማንን ነው የሚሉት? ሌሊት አውቶቡስ የሚነዳውን? በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራዋን? እዚሁ የተወለዱ ልጆቻቸውንስ? ሥራ የነሳቸው ቋንቋ ነው፣ የትምህርት ማስረጃ ነው ወይስ የቀጣሪው አድልዎ?» ለዚህ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቢመልሱ መልሱን እንመዝናለን፤ ቢሸሹም መሸሻቸውን አገር ያያል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መግለጫው ማንንም አላስጣለም። ኦኬሶን ተበዳይ ሆነው ወጡ፤ ፓርቲያቸው ጣቢያችሁን አገለለ፤ የስርጭት ገምጋሚው ቦርድም ገለልተኝነትን ጥሳችኋል ብሎ ወሰነባችሁ። ስለ እኛ ስለ ስደተኞች የተነገረው ክፉ ነገር ተረሳና መነጋገሪያው የእናንተ አቋም ሆነ። በመጀመሪያ በፖለቲከኛው ተሰደብን፤ ቀጥሎ ከራሳችን ጉዳይ ወጣን። ብዙዎቻችን ስዊድንኛ የለመድነው ዜናችሁን እየሰማን ነው፤ የምትተዳደሩትም እኛም በምንከፍለው ግብር ነው። ሌላ ጣቢያ ቢያደርገው ኖሮ እንዲህ ባልጻፍኩ።

ነገሩ የእናንተ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የግራ ፓርቲው መሪ ላርስ ኦሊ ከኦኬሶን ጋር አንድ የሜካፕ ክፍል አልቀመጥም ሲሉ ወሬው ሁሉ ስለ ሜካፕ ክፍሉ ሆነ። በዚያው ዓመት ቲቪ4 የኦኬሶንን ፓርቲ ማስታወቂያ አላስተላልፍም ሲል ደግሞ ስለ እገዳው ሆነ። ፓርቲው ያን ጊዜ 5.7 በመቶ ድምፅ ነበረው፤ በ2018 17.5፣ በ2022 20.5 በመቶ አገኘ። ጥፋቱ የቴሌቪዥን ነው አልልም፤ ነገር ግን ጋዜጠኛው መጠየቅ ትቶ መራቁን ብቻ ሲያሳይ ያተረፈ ማን እንደሆነ እዩት።

በሚቀጥለው ክርክር የሥራ ስምሪቱን አኃዝ በእጁ የያዘ፣ ተከራካሪው ርዕስ ሲቀይር የሚመልሰው ጋዜጠኛ መድረኩ ላይ አቁሙ። የግራውንም የመሃሉንም መሪ በዚያው ልክ ይጠይቅ። ሰዓት አይበቃም ካላችሁ ከርዕሶቹ ሁለቱን አውጡና ደቂቃውን ለእሱ ስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የስቶክሆልም ነዋሪ ከሆነ ኢትዮጵያዊ ተመልካቻችሁ