ለመኪና አደጋ ፕላን ይነሳል፣ ለሰው ልጅስ?

ትናንት ማታ የጻፈልኝ ልጅ መቱ ላይ ያስተማርኩት ነው። አሁን ራቅ ባለች ከተማ ሆስፒታል ይሠራል። «ቲቸር፣ በወሊድ የሞተች እናት አለች፤ ቤተሰቧ ከሰው ፖሊስ ቃሌን ተቀብሎኛል፤ ምን ላድርግ?» ይላል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ልጃቸው ከቀዶ ሕክምና ያልተነሳላቸው አንድ የጎሬ አባት ቤቴ ድረስ መጥተው «የት ሄጄ ልክሰስ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱ አይተዋወቁም። የፈለጉት ግን አንድ ነገር ነው፦ የሆነውን በሙያው መርምሮ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ አካል። ለሁለቱም የረባ መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈውም ተናድጄ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ1994 የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት በደንብ ተቋቁሞ ነበር። በኋላ በ2006 የወጣው ደንብ ቁጥር 299 የባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴን ይዞ መጣ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1112 ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ምግብና መድኃኒት ላይ ብቻ ቀረ፣ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ሄደ። ክልሎችም የራሳቸው ተቆጣጣሪ አላቸው። ኮሚቴው የሕክምና ካርዱን ያያል፣ ባለሙያውን ይጠይቃል፣ ቸልተኝነት አለ ወይም የለም ብሎ የሚወሰደውን እርምጃ ሐሳብ ያቀርባል። ፖሊስና ፍርድ ቤትም አስተያየቱን ይጠይቁታል። ወረቀት ላይ ምንም አልጎደለም።

ወደ እኛ አገር ኑ እንግዲህ። ከዳሪሙ ወይም ከአልጌ የመጣ ገበሬ ሚስቱ ስትሞትበት መጀመሪያ የሚያገኘው ኮሚቴ አይደለም፤ ሽማግሌ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ ተቀምጫለሁ፣ አልዋሽም። ቡና ተፈላ፣ «የእግዜር ሥራ ነው» ተባለ፣ ለሬሳ ማጓጓዣና ለለቅሶው የሚሆን ገንዘብ ተዋጣ፣ ታረቁ። ሐኪሙ ብዙም ሳይቆይ ተዛወረ። ያን ቀን ማናችንም «ካርዱ ይምጣና ይነበብ» አላልንም። ሟቿ ስንት ሰዓት እንደደረሰች፣ ስንት ሰዓት እንደታየች፣ ደም ተጠይቆ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እርቅ ጥሩ ነው፣ ደም እንዳይፈስ ያደርጋል። ግን ስለ ምን እንደታረቅን አናውቅም ነበር።

እርቁን እምቢ ያለ ሰውስ? ካርዱ ያለው በተከሳሹ ተቋም እጅ ነው። ሰውየው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ፈልጎ ያጽፋል፣ ደብዳቤው በኦሮምኛ ነው፣ ወደ ፌዴራል ከተላከ ደግሞ ትርጉም ያስፈልገዋል። ፊንፊኔ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እርሱ ሲመላለስ ጊዜው ይሄዳል፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ ነገሩ ወንጀል ካልሆነ በቀር። ቢረታስ? ያው ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። አንድ ሺህ ብር! ዛሬ ከመቱ ፊንፊኔ ደርሶ መልስ አይሸፍንም።

ስለዚህ ሰው የቀረችውን መንገድ ይይዛል፤ ወደ ፖሊስ ይሮጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲናገር፣ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው ብሎ በምሳሌነት የሚጠራቸው ሐኪምና አሽከርካሪን ነው፣ በአንድ ትንፋሽ። እሺ፣ እንደ አሽከርካሪው እንየው። መኪና ሲገለበጥ ትራፊክ ፖሊስ በዕለቱ መጥቶ ፕላን ያነሳል፦ ጎማው የት ሄደ፣ ፍሬኑ ሠርቷል ወይ፣ መንገዱ ምን ይመስላል። ለሞተችው እናት ፕላኑን ማን ያነሳል? ማንም። ተማሪዬን ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ካርዱን ቢያየው እንኳ አያነበውም፣ ሊያነበው አልተማረምና።

ፕላን ቢነሳ ደግሞ ሹፌሩ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው። ልጁ እንደነገረኝ በዚያች ሌሊት የደም ከረጢት አልነበረም፣ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዷል፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ እውነት ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ፈቃዱ የሚታገደው የባለሙያው ነው። ጄኔሬተሩን ያላስጠገነ ኃላፊ ፈቃድ የለው፣ ምኑ ይታገዳል? በሌላ በኩል ልጁ ዋሽቶኝ ሊሆንም ይችላል። የምወደው ተማሪዬ ነው፣ ግን አላውቅም። ቤተሰቡም አያውቅም። ንፁህ ቢሆን እንኳ «ገዳዩ ዶክተር» እየተባለ ነው የሚኖረው።

«ውሳኔ ይፋ ከሆነ ሐኪም ይሸማቀቃል፣ ከባድ ሕመምተኛ መንካት ይፈራል» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። አሁንስ አልፈራም እንዴ? ሪፈር ጽፎ መገላገል ከምን የመጣ ይመስላችኋል? እንግሊዝ አገር ማንም ሰው የሐኪሙን ስም በመዝገብ ፈልጎ ፈቃዱ ታግዶ እንደሆነ ማየት ይችላል፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ክሱን የሚመረምረውና የሚፈርደው ተለይቷል። እኛ እዚያ ለመድረስ ይቆየን፣ ስም ይደበቅ። ምን እንደተፈጠረና ኮሚቴው ለምን እንዲያ እንዳለ ግን ይጻፍ። በሃያ ዓመት ማስተማር አንድም የኮሚቴ ውሳኔ ክፍል ውስጥ ላስተምርበት እጄ አልገባም። ቤተሰብም ምክንያቱ የተጻፈበት መልስ በሚገባው ቋንቋ ይድረሰው፤ «ጥፋት የለም» ከሆነም ለምን እንደሌለ። ኮሚቴውም በዓመት ጥቂት ጊዜ መቱ መጥቶ ይቀመጥ፤ ሪፈራል ሆስፒታልም፣ ዩኒቨርሲቲም አለን፣ አዳራሽ አይጠፋም።

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ሜዲካል ዳይሬክተርና የጥራት ክፍል ኃላፊ ናችሁ። አዋጅ እስኪሻሻል አትጠብቁ። ሞት በደረሰ በዚያው ዕለት ካርዱን ኮፒ አድርጋችሁ አሽጉት፣ ቤተሰብ ሲጠይቅም ግልባጩን ስጡ። ለጎሬው አባት ማመልከቻውን እኔው እየጻፍኩላቸው ነው። ሰኞ የልጃቸውን ካርድ ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ከእናንተ አንዱ ነው በሩ ላይ የሚያገኛቸው።