የገበታ መለየትና የልብ መለየት



ከፋሲካ በኋላ ከኢሉባቦር ቡሬ አንዲት እናት ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከውልናል። ቡሬ ሲባል አንባቢ የጎጃሙን እንዳይመስለው። ይህችኛይቱ ከመቱና ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው፥ ቀድሞ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ባሮ ወንዝ ሲወርድ ነጋዴ ያድርባት የነበረችው፥ በጫካ ቡናና በጫካ ማር በታወቀው አገር ያለችው ቡሬ ናት። የደብዳቤው ጉዳይ የብዙ ቤት ጉዳይ እየሆነ ስለ ሄደ፥ የጸሐፊዋን ስም ሳንገልጥ በዚህ ዓምድ እንነጋገርበት ዘንድ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው በአዲስ አበባ ከፍተኛ ትምህርት የምትከታተል ናት። ዐቢይ ጾም ሊፈጸም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ቤት መጣች። በእነዚያ ቀናት በቤቱ ውስጥ ፍጹም ሰላም ነበረ። ልጅቱ ሽሮውን፥ ምስሩንና የሱፍ ፍትፍቱን ከአያቷ ጋር እየበላች፥ ቅዳሴም እያስቀደሰች ስትሰነብት፥ አያቲቱ «የከተማ ትምህርት ጾም ያስረሳል የሚሉ ሰዎች ልጄን ይዩ» እያሉ ለጎረቤት ያወሩላት ነበር። በፋሲካ ሌሊት ግን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ገበታው በቀረበ ጊዜ፥ አያቲቱ ከዶሮው ወጥ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ቢዘረጉላት፥ ልጅቱ እጃቸውን ሳመችና «እማማ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም መብላት ትቻለሁ» አለች። «ጾሙ እኮ ተፈታ ልጄ!» ቢሏት «የእኔስ ጾም አይደለም፤ ቪጋን ሆኛለሁ» ብላ መለሰች።

በገበታው ላይ የነበረ የአክስቷ ልጅ ነገሩን ለማብረድ ብሎ «እኔም እኮ ቪጋን ነኝ፤ ሐኪም ስለ ደም ግፊቴ ከመከረኝ ወዲህ ሥጋና ቅቤ ትቻለሁ» ቢል፥ ልጅቱ ደስ በመሰኘት ፈንታ ተቆጣችው። «አንተ የተውከው ለራስህ ጤና ነው። የቆዳ ጃኬት ለብሰህ፥ ማር እየላስህ፥ ቪጋን ነኝ ማለት አይገባህም» አለችው። አያቲቱም «ጾም ካልሆነ፥ እናንተም በትርጉሙ ካልተስማማችሁበት፥ ታዲያ ምን ልንለው ነው?» ብለው ዝም አሉ።

ነገር የከረረው ግን በማግስቱ ነው። አባቷ በጫካ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ንብ አርቢ ናቸው። በየዓመቱ ከሚቆርጡት ማር ንጹሑን ለዚህችው ልጃቸው ለይተው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው። የትምህርቷም ወጪ የተሸፈነው ከዚያው ማርና ከጓሮው ቡና ነው። ማሩን በሳህን አድርገው ከፊቷ ቢያኖሩላት «አባባ፥ ይህ የንቦቹ ነው» አለች። አባትየው አንዳች ሳይናገሩ ሳህኑን አንሥተው ወጡ። እናቲቱ ደብዳቤያቸውን ሲዘጉ «ከዚያች ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ በቅጡ አልተነጋገሩም። ይህ ነገር የጾም ዘመድ ነው ወይስ ሌላ ሃይማኖት? ልጄ ከእኛ ጋር ናት ወይስ ከእኛ ወጥታለች?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመፍረድ በፊት ነገሩ ከወዴት እንደ ተነሣ መመርመር ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ አገር ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። የዚህ ማኅበር ሰዎች ቬጂቴሪያን ይባላሉ፤ ሥጋን ቢተዉም ወተትና እንቁላል መብላትን አይከለክሉም ነበር። ዶናልድ ዋትሰን የሚባል የእንጨት ሥራ መምህር ግን በዚህ አልረካም። ይህ ሰው በልጅነቱ በአጎቱ እርሻ ላይ አሳማ ሲታረድ አይቶ ልቡ ስለ ተነካ፥ በ14 ዓመቱ ሥጋ መብላትን ተወ። ካደገ በኋላም የወተቱ ነገር አስጨነቀው። ላሟ የምትታለበው ከወለደች በኋላ ነው፤ የጥጃዋም መጨረሻ ቢላዋ ነው፤ እንግዲህ ወተቱን ከሥጋው እንዴት እንለየዋለን? ሲል ጠየቀ። እርሱና ባልንጀሮቹ በቀድሞው ማኅበር ውስጥ የራሳቸው ክፍል እንዲሰጣቸው ቢለምኑ ስላልተፈቀደላቸው፥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም.፥ ዋትሰን ከኤልሲ ሽሪግሊና ከሌሎች ጥቂት ሰዎች ጋር ሌላ ማኅበር አቆመ። ስሙንም «ቬጂቴሪያን» ከሚለው ቃል የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላት ወስደው «ቪጋን» አሉት። ዋትሰን በ95 ዓመት ዕድሜው እ.ኤ.አ. በ2005 ዐርፏል።

ስሙ ተገኘ እንጂ ትርጉሙ ገና አልተገኘም ነበር። ሌስሊ ክሮስ የሚባል ከአባሎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1949 ተነሥቶ ማኅበሩ የጠራ ፍች እንደሌለው አመለከተ። በክሮስ አሳብ፥ የነገሩ ሥር መብል አይደለም፤ የሰው ልጅ እንስሳትን ለጥቅሙ መገልገያ ማድረጉን እንዲያቆም ነው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጽሑፍ አስፍሮታል። እንግዲህ ለእርሱ መብሉ ቅርንጫፍ ነው እንጂ ሥር አይደለም፤ ከመብሉም ጋር የቆዳ ጫማው፥ የሱፍ ልብሱ፥ የሰርከሱ አንበሳ ሁሉ ይቈጠራል። ሌሎች ግን ነገሩን የጤና ሥርዓት ያደርጉታል። ሌሎችም ለምድርና ለውኃ ከመቈርቈር ይጀምሩታል። ማርማ ከመጀመሪያው አንሥቶ ያከራከራቸው ነው፤ አንዱ የንብን ድካም መዝረፍ ነው ሲል፥ ሌላው ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊና ይተው ይል ነበር። ማኅበሩ ኋላ በያዘው ፍች ላይ «በተቻለና ሊሆን በሚችል መጠን» የሚል አሳብ መግባቱም፥ ከእንስሳ ጋር ፈጽሞ ሳይነካኩ መኖር ለሰው የማይቻል መሆኑን ስለ ተረዱ ነው። ስለዚህ በቡሬ ገበታ ላይ በልጅቱና በአክስቷ ልጅ መካከል የተነሣው ክርክር ዐዲስ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ከማኅበሩ ጋር አብሮ ያረጀ ክርክር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛስ በጾማችን ትርጉም ሳንከራከር ኖረን እናውቃለንን? የዐቢይ ጾም 55 ቀናት፥ የነቢያት፥ የሐዋርያት፥ የፍልሰታና የነነዌ አጽዋማት፥ ገሃድም፥ ረቡዕና ዓርብም በየዓመቱ ይመላለሳሉ። በየዓመቱም ያው ጥያቄ ይነሣል። ከባሮ የመጣ ዓሣ በጾም ይበላልን? የግብጽ ምእመናን በነቢያትና በሐዋርያት ጾም ዓሣ ሲበሉ፥ በእኛ ዘንድ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው? ማር የሚቀምስ ቤት አለ፥ የማይቀምስም ቤት አለ። ቅቤውን ትቶ ሐሜቱን የማይተው ሰው ጾመ ይባላልን? ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፉ የተቈጣው ከመብል ተከልክለው ሠራተኛቸውን በሚያስጨንቁ ሰዎች ላይ አይደለምን? ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ከመብል መከልከል ነው ካለ በኋላ፥ የመከልከሉ ዓላማ የሥጋ ፈቃድ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ በእኛም ዘንድ መብሉ ቅርንጫፍ እንጂ ሥር አይደለም።

ከዚህ ላይ ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበትንም የሚለያዩበትንም ማየት ይቻላል። ሳህኑ አንድ ነው። ሌስሊ ክሮስ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ከባልንጀሮቹ ጋር የዕፅዋት ወተት ለማዘጋጀት ሲደክም፥ የእኛ እናቶች ሱፍ ወቅጠውና አጥልለው ነጩን ውኃ ማውጣቱን ከጥንት ያውቁበት ነበር። በውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም የጾም በያይነቱን ለቪጋኖች ሲያቀርቡ ከወጡ ላይ የሚቀይሩት ነገር የለም። ሥሩ ግን ሁለት ነው። ቪጋን ሥጋን የሚተወው ክፉ ሥራ አለበት ብሎ ስለሚያምን ነው፤ ስለዚህ ዘወትር ይተወዋል። ጾመኛ ግን ሥጋን የሚተወው መልካም ስጦታ መሆኑን እያወቀ ነው፤ ስለዚህ በጊዜው ተመልሶ አመስግኖ ይበላዋል። ጾም ፋሲካ አለው። ልጅቱ «የእኔስ ጾም አይደለም» ማለቷ አያቷን ቢያሳዝንም እውነት ተናግራለች፤ ሳትጾም ጾምሁ ከማለት ይህ ይሻላል።

ታዲያ ነውር አለባትን? ሥጋ አለመብላት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሥጋ ሳይቀምሱ በገዳም የኖሩ አባቶች ብዙዎች ናቸው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው ለአዳም የተሰጠው ምግብ የምድር ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነበረ፤ ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው። አባቶች አጥብቀው የከለከሉት ሌላ ነገር ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በጋንግራ የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት በሁለተኛው ቀኖናቸው ያወገዙት፥ በእምነትና በሥርዓት ሥጋ የሚበላውን ሰው ተስፋ የለህም ብሎ የሚኰንነውን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ፥ ሁሉን የሚበላ አትክልት ብቻ የሚበላውን እንዳይንቅ፥ አትክልት የሚበላውም በሌላው ላይ እንዳይፈርድ ያስተምራል። ይህ ትእዛዝ ለሁለት ወገን የተሰጠ ነው፤ በቡሬው ቤትም ሁለት ወገን አለ።

ለልጅቱ የምንላት ይህ ነው። ልጃችን ሆይ፥ ርኅራኄሽን አንነቅፍም። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ በመጽሐፈ ምሳሌ ተጽፏል። በሰንበት በሬውና አህያው እንዲያርፉ ታዟል። በነነዌ ጾም እንስሳት ከሰው ጋር መጾማቸውን፥ እግዚአብሔርም ለዮናስ ሲመልስለት እንስሳቱን ሳይጠቅስ እንዳላለፈ አስቢ። ነገር ግን ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ዙሪያሽን ተመልከቺ። የምትሳለሚው ወንጌል የተጻፈው በብራና ነው፤ ማኅደሩ ቆዳ ነው፤ በፋሲካ ሌሊት ያስጨበጨበሽ ከበሮ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ በእጅሽ የያዝሽው ጧፍ ምናልባት አባትሽ ከቈረጡት ቀፎ የወጣ ሰም ነው። ያንቺው ማኅበር ሰዎች «በተቻለ መጠን» ያሉትን ቃል ለአክስትሽ ልጅም፥ ለአባትሽም አትንፈጊያቸው። ማሩን አለመብላት መብትሽ ነው። «የንቦቹ ነው» ያልሽው ቃል ግን የአባትሽን የሃያ ዓመት ድካም ሌብነት እንዳደረገው አስተዋልሽን?

ለአባትየው ደግሞ እንዲህ እንላለን። ልጅዎ ማሩን እንጂ እርስዎን አልገፋችም። በነገሯም ውስጥ ሊደመጥ የሚገባው አለ። በጥንቱ ልማድ ማር በሌሊት በችቦ ሲቈረጥ በእሳቱ የሚያልቀው ንብ ብዙ መሆኑን ከእርስዎ የሚበልጥ የሚያውቅ የለም። በጭስ ብቻ አረጋግቶ መቍረጥ፥ ለንቦቹም ክረምቱን የሚያሳልፉበትን ማር መተው፥ ለንቡም ለባለ ቀፎውም ይጠቅማል፤ የተረፈ ንብ ለከርሞ ይሠራልና።

አያቲቱ ሆይ፥ እርስዎም ጉርሻዎን አይጠፉት። ዶሮውን እንቢ ካለችዎ ከጎመኑ ጠቅልለው ያጉርሷት፤ የጉርሻ ፍቅር በእጁ ላይ ነው እንጂ በወጡ አይደለም።

እናቲቱ «ልጄ ከእኛ ጋር ናት ወይስ ወጥታለች?» ብለው ለጠየቁን፥ የሚመጡት የገበታ ቀናት ይመልሱላቸዋል። ከገበታው ርቃ፥ የበሉትን እየናቀች ብትቀመጥ ያን ጊዜ እንስጋ። ከገበታው ላይ ተቀምጣ፥ ለእንጀራው አመስግና የምትበላውን ብትበላ ግን ከእኛ ጋር ናት። ስለ ሥርዓቱ ዝርዝር የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንለምናለን። አባትየው በሚመጣው የማር ቈረጣ ወደ ጫካ ሲወጡ ልጅቱ አብራቸው ትሂድ። ማሩን ባትቀምስ እንኳ ገመዱን ትያዝላቸው፤ ጭሱንም ትለኩስላቸው። በዚያች ሌሊት ስለ ንቡ የሚነጋገሩት ነገር አያጡም።

የአንድ ቤት ልጆች ገበታቸው ሲለያይ ልባቸው እንዳይለያይ አምላካችን ይርዳን። አሜን።