ከመስቀል ማግስት፦ የእምድብር ቁምስናዎችን ሸክም ማን ይሸከማል?

መስከረም ከጠባ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ እምድብር የሚወስደው መንገድ ፋታ የለውም። በመርካቶ የሚነግደው፣ በግንባታ ሥራ የተሰማራው፣ በየክልሉ ከተማ ሱቅ የከፈተው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይጓዛል። በቸሃ፣ በእዣ፣ በጉመርና በእነሞር መንደሮች ቅቤው ተነጥሮ፣ ሰንጋው ታስሮ፣ ደጁ ተጠርጎ ይጠበቃል። በእምድብር ሀገረ ስብከት ሥር ባሉት የካቶሊክ ቁምስናዎችም የዓመቱ ትልቁ ጉባኤ የሚታየው በዚሁ ሰሞን ነው። በሌላው ጊዜ አረጋውያን፣ እናቶችና ተማሪ ልጆች የሚበዙበት ቅዳሴ ለጥቂት ቀናት በጎልማሶችና በወጣቶች ይሞላል።

ከበዓሉ በኋላ አውቶቡሶቹ ሞልተው ይመለሳሉ። ቁምስናዎቹም ትምህርት ቤቶቻቸውን፣ ክሊኒኮቻቸውን፣ በተለይም አጣጥ የሚገኘውን ሆስፒታል ይዘው ከቀረው ሰው ጋር ይቀራሉ። እነዚህ ተቋማት የተሠሩትም ሆነ ለረጅም ዘመን የቆሙት በአብዛኛው ከባሕር ማዶ በሚመጣ ገንዘብ ነው። ያ ምንጭ እየሳሳ በመጣበት በዚህ ወቅት ሸክሙ ወደ ማን ይዛወራል የሚለው ጥያቄ ከካቶሊኩ ምእመን አልፎ በአካባቢው የሚኖረውን ገበሬና ከተሜ ሁሉ ይነካል።

የእምድብር ሀገረ ስብከት በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳሳዊ ሀገረ ስብከት ተከፍሎ ራሱን የቻለ ነው። የመጀመሪያው ጳጳስ የካፑቺን ማኅበር አባል የሆኑት አቡነ ሙሴ ገብረጊዮርጊስ ሲሆኑ፣ በ2012 ዓ.ም. አቡነ ሉቃስ ተሾመ ተተክተዋል። ቅዳሴው በግእዝ ሥርዓት የሚፈጸም ነው፤ ልደትን ታኅሣሥ 29፣ መስቀልን መስከረም 17 ያከብራል። ስለዚህ የካቶሊኩ ቤተሰብ የበዓል አቆጣጠር ከኦርቶዶክሱ ጎረቤቱ ጋር አንድ ነው፤ የድግሱ ማዕድም እንዲሁ። በቁጥር ግን ጥቂት ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ ሀገሪቱ የካቶሊኮችን ድርሻ 0.7 በመቶ አድርጎ መዝግቧል። በጉራጌ ምድርም ብዙኃኑ ሙስሊሞችና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው።

አንድ ቁምስና ሲባል አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። በዙሪያው በእግር የሰዓታት መንገድ የሚወስዱ የጸሎት ቤቶች ይኖራሉ፤ ካህኑ በተራ እየዞረ ይቀድስባቸዋል። ካህኑ በማይደርስበት እሑድ ጸሎቱን የሚመራው፣ ልጆቹን የሚያስተምረው፣ የታመመውን የሚጠይቀው የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪው ነው። እርሱም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጎረቤቱ እንሰት ተክሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረው ማስታወቂያ የማን ሠርግ፣ የማን ተዝካር ከማለት አልፎ የክትባት ቀንን፣ የትምህርት ቤት ምዝገባን፣ የጠፋ ከብትን ያካትታል። ሬዲዮ በማይያዝበት ሸለቆ ይህ ማስታወቂያ ቀላል ነገር አይደለም።

የዚህ ሁሉ ትስስር ጥቅም በአጣጥ ጎልቶ ይታያል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የአጣጥ እመቤታችን ማርያም ዘሉርድ ሆስፒታል እ.አ.አ. በ1969 በሕክምና ሚስዮን እኅቶች ማኅበር ተጀመረ። ማኅበሩ በሕክምና ሙያ የሠለጠኑ ደናግል የሚገኙበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በዚያው በ1970ዎቹ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቀደም ሲል በቀዶ ጥገና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ወይም በሌላ ምክንያት ወሊዷ ያሰጋል ተብሎ የተለየች ነፍሰ ጡር ምጥ እስኪይዛት ቤቷ አትጠብቅም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አስታማሚዋን አስከትላ፣ ስንቋን ይዛ ወደ ማቆያው ትገባለች። ምግቧን የምታበስለው እርሷ ወይም አስታማሚዋ ናት፤ የጤና ባለሙያ ይከታተላታል፤ ምጡ ሲጀምር የማዋለጃው ክፍል እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው።

ውጤቱ በጥናት ተመዝግቧል። እ.አ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ የወለዱትን 24,148 እናቶች መዝገብ የመረመረ ጥናት እ.አ.አ. በ2010 በአንድ የእንግሊዝ የማኅፀንና ጽንስ ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከእነዚህ ውስጥ 6,805ቱ በማቆያው በኩል የመጡ ነበሩ። በማቆያው ከቆዩት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ 90 ያህል ነበር፤ በቀጥታ ከቤታቸው በመጡት ዘንድ ግን 1,333 ደርሷል። ሞቶ የሚወለድ ሕፃንም እንዲሁ፦ ከማቆያው ከ1,000 ወሊድ 18 ያህል፣ ከቀሩት 191።

እነዚህን አኃዞች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። በቀጥታ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ቤታቸው ሲያምጡ ውለው፣ አድረው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ናቸው፤ በመሆኑም ልዩነቱ በሙሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጥናቱ የሚያሳየው ቁም ነገር እዚሁ ላይ ነው። ማቆያው የገቡት ሴቶች በአብዛኛው አስቀድሞ አደጋ የታየባቸው ነበሩ። ሊሞቱ ይችላሉ ተብሎ የተሠጋላቸው ከሌሎቹ ይልቅ ተረፉ። ልዩነቱን የፈጠረው የተራቀቀ መሣሪያ ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ከምጡ በፊት መድረስ።

በሰዓቱ መድረስ ደግሞ ለገጠር ሴት በራሷ ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም። ሁለትና ሦስት ሳምንት ከቤቷ ስትርቅ ላሚቱን ማን ያልባል? ለልጆቹ ማን ይጋግራል? እንሰት መፋቅ በጉራጌ የሴቶች ሥራ ነው፤ ወቅቱ ደርሶ ከሆነ ማን ይተካታል? ባልየው «እናቴ እኔን የወለደችኝ እዚሁ ጓዳ ነው» ቢል ማን ይመልስለታል? እንዲህ ያለውን ነገር ሐኪም አይፈታውም። የሚፈታው የጎረቤት ሴቶች ተራ መግባት፣ የእናቶች ማኅበሩ ምክር፣ በካህኑ፣ በሼኹ ወይም በዕድሩ ዳኛ አፍ የሚነገር ቃል ነው። ወደ ማቆያው የሚገቡትም የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ሴቶች ናቸው፤ መግቢያው ላይ የጥምቀት ወረቀት የሚጠይቅ የለም።

መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽንን ካስፋፋ፣ በጤና ጣቢያዎችም ተመሳሳይ ማቆያ መሥራት ከጀመረ ወዲህ አጣጥ እንደ ቀድሞው ብቸኛ መጠጊያ አይደለም። በቅርብ ርቀት ጉብሬ ላይ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። በመንግሥት ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሆስፒታል ልምዱም፣ የሕዝቡ እምነትም በአንድ ጀንበር የሚተካ አይደለም።

ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነው። የሚስዮን ሆስፒታል ከሕሙማን የሚያስከፍለው ከትክክለኛው ወጪ በታች ነው፤ ክፍተቱን የሚሞሉት በውጭ ያሉ ወዳጆችና የርዳታ ድርጅቶች ናቸው። የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራዎች ከጀርመን ካቶሊኮች ለብዙ ዘመን ሲደገፉ ኖረዋል። እነዚያ ደጋፊዎች ግን ራሳቸው እየሳሱ ነው። እ.አ.አ. በ2022 ብቻ ከ520 ሺህ በላይ ጀርመናውያን ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባልነት በይፋ ወጥተዋል፤ አባልነት ሲቀንስ በመንግሥት በኩል የሚሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ግብርም መሠረቱ ይጠባል። የፍራይቡርግ ሊቀ ጳጳሳዊ ሀገረ ስብከት ከ1,000 የሚበልጡትን ቁምስናዎቹን አዋሕዶ ወደ 36 ለማውረድ ወስኗል። የራሱን አጥቢያ ለመዝጋት የተገደደ ምእመን ለእምድብር ምን ያህል ሊዘረጋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ከአትላንቲክ ማዶም እ.አ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ሲገታ፣ በኢትዮጵያ የምግብ ርዳታ ሥራ የሚያስተባብረውን የካቶሊክ ርዳታ ድርጅት ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተናግተዋል።

የምንዛሪው ለውጥ ነገሩን ያወሳስበዋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ አንድ ዩሮ የሚያመጣው ብር ጨምሯል። በዚህ የተነሣ ለደመወዝና ለሀገር ውስጥ ግዢ የሚውለው ስጦታ ለጊዜው ሰፍቶ ይታያል። መድኃኒት፣ የቀዶ ጥገና ክርና የመሣሪያ መለዋወጫ ግን ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሠራተኛውም ቢሆን ኑሮ ሲወደድበት በአሮጌው ደመወዝ አይቆይም። በአንድ እጅ የተገኘው በሌላው ያልቃል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አንዱ መውጫ ሊሆን ይችላል። መድኑ እ.አ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በአብዛኛው የገጠር ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን የአባልነት ደብተር የሚያገለግለው ከመድኑ ጋር ውል በፈጸመ ተቋም ነው፤ የሚከፈለውም በተዋዋሉት ዋጋ ነው። ወረዳዎች ለመንግሥት ተቋማት ቅድሚያ መስጠታቸው የሚጠበቅ ቢሆንም፣ ለትርፍ የማይሠራ የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታልን ከግል ክሊኒክ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ገበሬውን ይጎዳል። ለመድኑ ዓመታዊ መዋጮውን የከፈለ አባወራ ሚስቱ በምጥ ስትያዝ ቅርብ ያለውን በር አልፎ እንዲሄድ ወይም ሁለተኛ እንዲከፍል መገደድ የለበትም።

ሌላው መውጫ በየመስከረሙ በአውቶቡስ መጥቶ የሚመለሰው ሰው ነው። ለዚህ ጉራጌ ከሌሎች ተውሶ የሚማረው ነገር የለውም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የአካባቢው ተወላጆች በየቤተ ጉራጌው ተደራጅተው፣ ከነጋዴው እስከ ሊስትሮው አዋጥተው የትውልድ መንደራቸውን ከዋናው መንገድ ጋር የሚያገናኙ መንገዶችን አሠርተዋል። ያ የመንገድ ሥራ ድርጅት ኋላ ወደ ራስ አገዝ የልማት ድርጅት አድጓል። ያን ጊዜ ካቶሊኩ፣ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ ተብሎ አልተለየም፤ መንገዱ የሁሉም ነበርና።

በመንገዱና በሆስፒታሉ መካከል ግን ልዩነት አለ። መንገድ ሲያልቅ ይመረቃል፤ ያዋጣው ሰው በመስቀል መጥቶ ያየዋል፣ ይነዳበታል። አዲስ ሕንጻ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ገንዘብ ለመሰብሰብ አያስቸግርም። የጄኔሬተር ነዳጅ፣ የአዋላጅ ነርስ ደመወዝ፣ የማቆያው ጣሪያ ጥገና ግን አይመረቅም፤ በየወሩ ይመጣል፣ በየወሩም ያልቃል። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ እስከ ዛሬ የሸፈነው በአብዛኛው ይህን የማይታይ ወጪ ነው። የከተማው ልጅ እስካሁን ያልለመደውም ይህንኑ ነው። ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ ዕቁብ ሲጥል የሚኖር ሰው በየወሩ ማዋጣት አያቅተውም፤ ያልተፈጠረው ልማድ ነው።

ልማዱ እንዲፈጠር ደግሞ መተማመን ያሻል። ለአሥርት ዓመታት የቁምስናዎቹ ሒሳብ ሪፖርት ሲጻፍ የኖረው ለባሕር ማዶ ለጋሽ ነው፤ በፈረንጅ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ወደ ፈረንጅ አገር ይሄዳል። ምእመኑ የሚያየው ቤቱን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ በየቁምስናው በገንዘብና በንብረት ጉዳይ የሚመክር ሸንጎ እንዲኖር ይደነግጋል። ሸንጎው ባለበት ሁሉ የዓመቱን ገቢና ወጪ ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ፣ ሰው በሚሰበሰብበት በመስቀል ሰሞን ቢያነበው የሚጠፋ ነገር የለም። ይህ ሲጓደል «እነርሱ ገንዘብ አላቸው» የሚለው የቆየ አስተሳሰብ እንደ ጸና ይቀጥላል። በአጣጥ የሚታከመው ሰው አብዛኛው ካቶሊክ ስላልሆነም ሒሳቡ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ወጥቶ ለዕድሮችና ለሽማግሌዎች መድረስ ይኖርበታል።

ጊዜው ግን ረጅም ላይሆን ይችላል። በከተማ ተወልዶ ያደገው ትውልድ ለመስቀል የሚመጣው የአባቱን ያህል አይደለም፤ የሚመጣውም የአያቱን ቤት ሊጎበኝ እንጂ የራሱን ቤት ሊከፍት አይደለም። ከገጠሩ ሴት ልጆችም ወደ ከተማና ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱት ብዙ ናቸው፤ እነርሱ ሲሄዱ እንሰቱን የሚፍቅ፣ በወሊድ ጊዜ ተራ የሚገባ እጅም አብሮ ይሄዳል። በጎረቤት ሆሳዕና አካባቢ ያሉ ቤተሰቦች ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ገንዘብ ቤት ሠርተው ሰው እንዳጡት ማለት ነው።

በጥቅምት የሚወልዱ እናቶች ወደ ማቆያው የሚገቡት የበዓሉ እንግዶች ወደ ከተማ በሚሳፈሩበት ሰሞን ነው። መንገዱ አንድ ስለሆነ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ወገን ቅቤና ቆጮ ይዞ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ስንቁን በኮባ ጠቅልሎ ወደ አጣጥ።