ዳዊት ያልጠጣው ውኃ

ቅዱሳት መጻሕፍት የነገሥታትን ታሪክ የጻፉልን የዘመናቸውን ቍጥርና ድል ያደረጉትን ጠላት ለማስታወስ ብቻ አይደለም፤ በትልቅም ሆነ በትንሽ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሁሉ፥ ሹሙ በመሥሪያ ቤቱ፥ አለቃው በደብሩ፥ አባትና እናት በቤታቸው ራሳቸውን እንዲመረምሩበት ጭምር ነው እንጂ። ስለዚህ በዚህ ወር ከንጉሥ ዳዊት ታሪክ ስለ መብልና ስለ መጠጥ የተነገረውን አንሥተን ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንነጋገርበት ወደድን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የመሪ ልብ ከዙፋኑ ይልቅ በማዕዱ ላይ ይታወቃል።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 23 እንደምናነበው ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ የፍልስጥኤማውያን ጭፍራ የትውልድ ከተማውን ቤተ ልሔምን ይዞ ነበር። ወራቱም የመከር ወራት ነበረ። ዳዊት በከተማይቱ በር አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውኃ ቢጠጣ ተመኘ። ትእዛዝ አልሰጠም፤ ምኞቱን መናገሩ ብቻ ነው። ሦስት ኃያላን ግን ይህን ሰምተው የጠላትን ሰፈር ጥሰው ገቡ፤ ውኃውንም ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ተቀብሎ አልጠጣውም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። በነፍሳቸው ተወራርደው ያመጡት ስለ ሆነ እንደ ደማቸው ቈጠረው።

የሰዎቹን ድካም ከንቱ አደረገው የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩን የምናስተውለው እንዲህ ነው፤ ሌላው በድካሙ ያመጣውን ነገር ዳዊት እንደሚገባው ግብር አልቈጠረውም። ያን ውኃ ቢጠጣው የአንድ ሰው ጥም ብቻ ያረካ ነበር፤ ስላፈሰሰው ግን የሦስቱ ሰዎች ነፍስ በፊቱ ምን ያህል የከበረች እንደ ነበረች እስከ ዛሬ ይነገራል።

ይኸው ዳዊት በኢየሩሳሌም ቤተ መንግሥት ተደላድሎ በተቀመጠ ጊዜ ግን ልቡ ተለወጠ። ምዕራፍ 11 ታሪኩን የሚጀምረው ነገሥታት ወደ ሰልፍ በሚወጡበት ወራት ዳዊት ኢዮአብንና ሠራዊቱን ልኮ እርሱ በከተማ መቅረቱን በመንገር ነው። ከዚያ በኋላ በኦርዮ ሚስት ምክንያት የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ከጦር ሜዳ የተጠራው ኦርዮ፥ ታቦቱና ባልንጀሮቹ በሜዳ ሳሉ በቤቱ ገብቶ መብላትንና መጠጣትን ነውር አድርጎ በንጉሡ ደጅ ተኛ። የቀድሞው የዳዊት ልብ በዚያች ሌሊት በደጅ በተኛው ወታደር ዘንድ እንጂ በአልጋው ላይ በተኛው ንጉሥ ዘንድ አልነበረም።

ነቢዩ ናታን ሊገሥጸው በመጣ ጊዜ የመሰለለትም የማዕድ ምሳሌ ነው። ድኻው አንዲት በግ ነበረችው፤ ከእንጀራው ታካፍለው፥ ከዋንጫውም ትጠጣ ነበር። ባለጠጋው የራሱን መንጋ ትቶ ያችኑ አንዲቷን ወስዶ ለእንግዳው አሰናዳት። ዳዊት በባለጠጋው ላይ ተቈጥቶ ፈረደ፤ ያ ሰው ራሱ መሆኑን በሰማ ጊዜ ግን አላመካኘም፤ በደሉን አምኖ ተመለሰ እንጂ።

ይህ የሩቅ ዘመንና የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስለን ወደ ኮልፌ እንምጣ። በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1962) የደቡብ አፍሪካው ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ይማሩ ነበር። በዚያን ዘመን በምስጢር ሲዘዋወሩ የያዙት ስም ዴቪድ፥ ማለት ዳዊት ነበረ። ማንዴላ ራሳቸው በጻፉት የሕይወት ታሪክ እንደተረኩት፥ ከመምህሮቻቸው አንዱ የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ምሽት በራት ላይ አንድ ትልቅ ነገር መከሯቸው፤ አዛዥ በሥራ ሰዓት በሥልጣኑ ያለ ፍርሃት ይዘዝ፤ ከሥራ ውጭ ግን ከታናሹ ወታደር ጋር እኩል ይሁን፤ ወታደሩ የሚበላውን ይብላ፤ በቢሮው ተለይቶ አይብላ አሏቸው። ይህን እየተናገሩ ሳሉ አንድ የበታች ሹም አንድ መኰንን ፈልጎ ቢገባ፥ ስበላ ለምን ታቋርጠኛለህ ብለው ተቈጥተው አስወጡት፤ ከዚያም ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ይህን የምናነሣው እኒያን ሰው ለመንቀፍ አይደለም፤ ምክራቸው እውነተኛ ምክር ነበር። ማስተማር ግን ከመፈጸም እንደሚቀል በሁላችን ላይ የሚታይ ነው። ማንዴላም ወደ አገራቸው ተመልሰው ከተያዙ በኋላ በፕሪቶሪያ እስር ቤት ለአፍሪካውያን እስረኞች የሚሰጠውን ቁምጣ አንለብስም፥ ምግቡንም አንበላም ብለው ቢከራከሩ፥ ረጅም ሱሪና የተለየ ምግብ ተሰጣቸው፤ ዋጋው ግን ለብቻ መታሰር ሆነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብቸኝነቱ ስለ ከበዳቸው ሱሪውን መልሰው ከባልንጀሮቻቸው ጋር መሆንን መረጡ። የተለየ ማዕድ ሰውን የሚያከብረው ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን ከወገን መለየት ነው።

እኛም ይህን ስንጽፍ በራሳችን ላይ እየፈረድን ነው። ኑሮ በከበደ ጊዜ ቤተ ሰባችንን ሰብስበን ወጪ ይቀነስ ብለን አዘዝን። ቅቤው ቀረ፤ የልጆቹም ጫማ ወደ ከርሞ ተላለፈ። ነገር ግን በፍስክ ቀን ከሥራ መልስ ከወዳጆቻችን ጋር በሥጋ ቤት መቀመጣችንን አላስቀረንም። አንድ ማታ እናትየዋ ሽሮውን ስታቀርብ ታናሽቱ ልጃችን፥ ‹‹የአባባን ድርሻ ለእኛ አካፍይን፤ እሳቸው በልተው ነው የሚመጡት›› ስትል በደጅ ሆነን ሰማናት። በክፋት አልተናገረችውም፤ የምታውቀውን መናገሯ ነው። ናታን አንዳንድ ጊዜ በሕፃን አፍ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ራታችንን በቤታችን እንበላለን።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ቤታችንን እንመልከት። ውኃ በተቋረጠ ቀን ጀሪካን ይዛ የተሰለፈችው ማን ናት? በጭስ መካከል ቆማ ወጡን ሠርታ የመጨረሻዋን እንጀራ የምትበላውስ ማን ናት? እናትም ትሁን የቤት ሠራተኛ፥ የቤተ ልሔምን ውኃ ያመጡልን ኃያላን እነዚህ ናቸው። ዳዊት እንዳደረገው ያመጡልንን እናፍስሰው ማለታችን አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ መሶብ ዙሪያ እንቀመጥ፥ የመጀመሪያውን ጉርሻም ለደከመው እናጉርስ ማለታችን ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ጾምን ስታውጅ ለሹሙ ሌላ፥ ለድኻው ሌላ አላደረገችም።

እንደ ዳዊት ወድቀን እንደ ሆነ እንደ ዳዊት እንድንመለስ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።